ጡሩምባና ማርሚታ

ነገሩ ሲወራ ተራ ነው። ወንድሜ የላዳውን የኋላ ኮፈን ወለል አስቆርጦ ትልቅ ማርሚታ አስገጠመበት፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህችን ይዤ «ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?» እያልኩ በዚህች መጽሔት ገጽ ብፈላሰፍ የሚስቅብኝ አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ከምንከራከርባቸው ታላላቅ ጥያቄዎች ይልቅ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ያ የላሜራ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ሌላ ርዕስ ፍለጋ መሄዱ ሐሰት መስሎ ታየኝ።

መኪናዋ የአባታችን ነበረች። ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ከልደታ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ተክለ ሃይማኖት ስትመላለስ እኛን ያሳደገች ታክሲ ናት። አባታችን ካረፈ ወዲህ ታክሲነቷ ቀርቶ፣ ቀለሟ ተለውጦ በወንድሜ እጅ ገባች። ማንም አልተቃወመም። መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ፣ ለጎማና ለዘይት ገንዘብ የሚያወጣው እሱ፤ እኔ የማወጣው ቃላት ብቻ ነው፣ በቃላት ደግሞ ቦሎ አይለጠፍም።

ላዳ በመሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ናት። ሶቭየቶች በ1966 (እ.ኤ.አ.) ከፊያት ጋር ተዋውለው በቮልጋ ዳር፣ በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ ተከሉ፤ ከ1970 ጀምሮም ማምረት ያዙ። ለክፉ መንገድ እንድትሆን ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ላሜራዋንም አወፈሩት። የኋላ ኮፈኗ ሲከፈት በስተቀኝ ሰልባትዮው፣ በስተግራ ስኮርታ ጎማው ቆሞ ይታያል። መሐሉ ባዶ ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ እንግዲህ ወንድሜ ሳይሆን ያ ባዶ ቦታ ነው።

ባዶ ቦታ ስል ባዶ ሆኖ አያውቅም። ለፋሲካ በግ ይገባበታል፤ እግሩ ታስሮ፣ ክዳኑ በገመድ ገርበብ ተደርጎ። ውሃ በጠፋ ሰሞን የጎረቤቱ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ይደረደርበታል። የእድሩ ድስት፣ የእድሩ ሳህን፣ የእድሩ የድንኳን ሸራ። ሰው ታሞ ጥቁር አንበሳ ሲተኛ የአስታማሚው ፍራሽና ሳፋ። አባታችን ይህን ሁሉ በነፃ ይሠራ ነበር ብዬ ቅዱስ ላደርገው አልሻም። አንዳንዴ ያስከፍላል፤ ብዙ ጊዜ ያጉረመርማል። «ቦታ የለኝም» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ቦታ ነበረዋ!

ያን ቦታ ሲቆርጡት እዚያው ነበርኩ። ማርሚታው ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ከላዳ ሥር የሚገባ አልሆነም። በያጁ አስተዋይ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሰልባትዮውን አስፈትቶ ከግቢው ውጪ አስቀመጠው፤ ቤንዚን የነበረበት ዕቃ ባዶም ሆኖ ትነቱ በአንዲት ፍንጣሪ እንደሚፈነዳ ያውቃል። ከዚያ ስኮርታው የሚቆምበትን ጉድጓድ በጠመኔ ከበበና ግራይንደሩን አስነሳ። ባትሪ ይዤ የማበራለት እኔ ነበርኩ። (አንባቢ ሆይ፣ ዳኛ ሆኜ ሳይሆን ግብረ አበር ሆኜ እንደምጽፍ ከወዲሁ እወቅልኝ።) የተቆረጠው ላሜራ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ እንደ ወደቀ ትሪ ጮኸ። ስኮርታ ጎማው ዛሬ በረንዳችን ላይ ነው፤ እናታችን የአበባ ማሰሮ አስቀምጣበታለች።

ማርሚታ ምን ይሠራል? ከሞተር የሚወጣው ጭስ እንደ ወንዝ አይፈስም፤ በእያንዳንዱ ፍንዳታ እየተገፋ እንደ ልብ ትርታ ነው የሚወጣው። የፋብሪካው ማርሚታ ይህን ትርታ በየጓዳው እያዞረ፣ የድምፁ ሞገድ እርስ በርሱ ተጋጭቶ እንዲሞት ያደርገዋል። የወንድሜ ግን በውስጡ ቀጥ ያለ፣ ብዙ ቦታ የተበሳሳ ቱቦ ያለበት ነው። በዙሪያው የታጨቀው የመስታወት ጥጥ ቀጭኑን ጩኸት ይውጣል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ውጤቱ ጉርምርምታ ነው፤ ጆሮ ሳይሆን ደረት የሚሰማው ዓይነት። «ጉልበት ይጨምራል» የሚሉ አሉ፤ በተለይ ዲኤክስ ኮሮላ የሚያሳምሩት ጓደኞቹ። ሰባ የፈረስ ጉልበት እንኳ በቅጡ በማይሞላ አሮጌ ሞተር ላይ፣ ካርቡሬተሩ ሳይነካ፣ የሚገኘው ጭማሪ ከቁም ነገር የሚጻፍ አይደለም። ይህን ለወንድሜ ብነግረው፣

«ጉልበቱን ማን ጠየቀህ?» አለኝ።

መልሱ አፌን አስያዘኝ። ሰው ራሱን ሲያታልል መምከር ይቻላል፤ የሚፈልገውን አውቆ ሲፈልግ ግን ምን ይባላል?

«መኪናዋ የማናት?» ብሎ ቀጠለ። «ያንተ» አልኩ። «ኮፈኑስ?» «ያንተ።» «እና?»

ልደታ የፍርድ ቤት ሰፈር ስለሆነች ሕግ መጥቀስ ይቀናናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለሀብትነትን በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ ሰፊው አድርጎ በአንቀጽ 1204 ያስቀምጠዋል። እስከዚህ ወንድሜ አሸናፊ ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ አንቀጽ 1225 ይመጣል፦ ባለሀብት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን አያውክ፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ከመልካም ጉርብትና በላይ አያድርግ የሚል ሐሳብ። አንቀጹ የሚገኘው ስለማይንቀሳቀስ ንብረት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ነው፤ ወንድሜ የሕግ ተማሪ ቢሆን ይህንኑ ይዞ ያመልጠኝ ነበር። እኔ ግን ነገሩ ይብስ ይመስለኛል። ቤት ያለው ሰው ጎረቤቶቹ የታወቁ ናቸው። ይህ መኪና ከልደታ ጦር ኃይሎች ሲሄድ፣ በመንገዱ ዳር ያለው ሁሉ ለዐሥር ለዐሥር ሰከንድ ጎረቤቱ ይሆናል፤ ተኝቶ የነበረ ሕፃን፣ ከሌሊት ሥራ የገባ ዘበኛ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ። ዐሥር ሰከንድ ምን አላት? አላልፍም ያለ ሕፃን ያሳደገ ይመስክር።

ጀርመናዊው ሾፐንሃወር በ1851 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የድርሰት ስብስብ ውስጥ ስለ ጫጫታ አንድ አጭር ጽሑፍ አለው። አብዝቶ ያማረረው የጋሪ ነጂዎችን የጅራፍ ጩኸት ነው፤ ፈረሱ እንኳ ለምዶት ምንም አይለውም፣ የአሳቢውን ሐሳብ ግን እንደ ቢላ ይቆርጣል ባይ ነው። ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሳነበው «ልክ ብሏል!» ብዬ ነበር። ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ሰውየው አበሳጨኝ። ጋሪ ነጂውን ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚያደርስ አይጠይቅም። የእሱ ጸጥታ ከሁሉ በፊት የመጣ መብት ነው።

እኛ ሰፈር ጩኸት በራሱ ኃጢአት ሆኖ አያውቅም። ቆራሌው ገና በጠዋቱ ይጮሃል። ሰርገኛ ክላክሱን አንቆ ይዞ ያልፋል። በአሮጌው ልደታ ደግሞ፣ እኔ በጣም ሕፃን ሳለሁ፣ ሌሊት የሚነፋ የእድር ጡሩምባ ነበር። እናቴ እንደምትለው ጡሩምባው ሲነፋ የማይነቃ አልነበረም፤ ተነስቶም «እንቅልፌን ረበሸኝ» ብሎ የከሰሰ አልነበረም። ለምን? ድምፁ ቢለካ ከወንድሜ ማርሚታ አያንስ ይሆናል። በበኩሌ ያገኘሁት ልዩነት ይህ ነው፦ ጡሩምባው እኔን የሚፈልገኝ ለአንድ ሥራ ነው። እገሌ ሞቷል፣ ና ድንኳን ትከል፣ ና አስከሬን ተሸከም። ቆራሌውም «አሮጌ ዕቃ ካለሽ አምጪ» ነው የሚለው፤ ከሌላት ትተወዋለች። የማርሚታው ድምፅ ግን ሲጠራኝ ብወጣ የምሠራው ነገር የለም። ዞር ብዬ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ይባስ ብሎ ያ ድምፅ የተገጠመው ድስትና ጀሪካን በሚገባበት ቦታ ነው። ለሰው የተተወው ቦታ ወጥቶ በሰው ላይ የሚጮኸው ገባ።

ይህን ክርክር ሳገኘው ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቆመን አስተካክዬ ለወንድሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ለአባባ ጡሩምባ ተነፋለት?»

አልተነፋም። አሮጌው ልደታ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ሰፈርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ የት እንደሄደ እንኳ አናውቅም። ዛሬ በእኛ ብሎክ መርዶውም ጥሪውም በስልክ ነው። አባታችን ሲያርፍ ስልካቸው ያለን ሰዎች መጡ። ያን ሁሉ ዓመት ድስታቸውን የጫነላቸው፣ በሽተኛቸውን ያደረሰላቸው ብዙዎቹ ዛሬም መሞቱን አያውቁም ይሆናል።

«እሱ ሲጭን ኖሮ ማንም ሳይሰማ ሄደ» አለኝ ወንድሜ። «እኔን ቢያንስ ይሰሙኛል።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የክፍል ጓደኞቼ ይህን «የንዑስ ከበርቴ የታይታ ፍላጎት» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊዘጉት ይችላሉ፤ ድሮ እንዲያ ይባል ነበር መሰለኝ። እኔ አልዘጋውም። መጀመሪያ የነዳት ዕለት አብሬው ነበርኩ። በሜክሲኮ አደባባይ ስናልፍ፣ የባቡሩን ድልድይ ሥር ስንይዝ ድምፁ ከኮንክሪቱ ተመልሶ ሲመጣ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ በሙሉ አንገቱን አዞረ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው በአንዴ አይቶኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተከራከርኩም፣ ቁርጥ አድርጌ ተናገርኩ። መኪና ሲሄድ ከኋላው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ከቱቦው የወጣው ጭስ ወደ መኪናው መልሶ ይሳባል፤ በኮፈኑ ወለል ቀዳዳ ካገኘ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ከኋላ የምትቀመጠው እናታችን ናት። የመጀመሪያው በያጅ ዙሪያውን የደፈነው በማስቲሽ ብቻ ነበር፣ ማስቲሽ ደግሞ በሙቀት ይላቀቃል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። በማግሥቱ ወስዶ ላሜራ አልብሶ ዙሪያውን አስበየደው። ስለዚህ ሰው የመጉዳት ነገር ሲሆን ያለ ክርክር ይገባዋል ማለት ነው፤ የቀረን ያ ጩኸትና ያ ቦታ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት በብሎካችን ሰው ሞተ። የእድሩን ዕቃ የሚይዙት እትዬ ማለዳ በራችንን አንኳኩ። ስለ ማርሚታው ድምፅ አንድ ወር ሙሉ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ድስቶቹን ከዕቃ ቤት እንድናመጣ ነው የመጡት፤ «እንደ አባትህ» አሉት ወንድሜን። አብረን ወረድን። ኮፈኑን ከፈተላቸው።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ማርሚታ ነው እትዬ።»

«እሺ። ድስቱስ የት ሊገባ ነው?»

ድስቱ ከኋላ መቀመጫ ገባ፤ እናቴ ትልቁን በጭኗ አቅፋ፣ እኔ ሳህኖቹን እግሬ ሥር አድርጌ። በአንድ ዙር ያልቅ የነበረው በሦስት ዙር ሆነ። በመጀመሪያው ዙር የኮንዶሚኒየሙን በር አልፈን ድንኳኑ ከሩቅ ሲታየን፣ ለቅሶም ሲሰማን፣ ወንድሜ ሞተሩን አጠፋ። ማንም አላለውም። ወርዶ በመሪው በኩል መግፋት ጀመረ። እኔም ወርጄ ከኋላ፣ ገና ትኩስ ከሆኑት ከሁለቱ ቱቦዎች መሐል ቆሜ ገፋሁ። እስከ ድንኳኑ መቶ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ትንሽም ዳገት አለው።

«ቀስ እያልክ» አለኝ ዞር ሳይል፣ «ድስቱ እማዬ ላይ እንዳይገለበጥ።»