ፍርሃትን መጫወቻ ማድረግ ይገባልን?

ሰው ከሚሸሻቸው ነገሮች ሁሉ ፍርሃትን የሚያህል የለም። ይሁን እንጂ ሰው ራሱ ወዶ፥ አንዳንድ ጊዜም ገንዘብ ከፍሎ፥ ፍርሃትን ሲፈልግ ይታያል። ረኃብን ለጨዋታ ብሎ የሚሻ የለም፤ በሽታንም ለመዝናኛ የሚገዛ የለም፤ ፍርሃት ግን ጠላትም ጨዋታም ሆኖ ከእኛ ጋራ ይኖራል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሊሆንስ ይገባዋልን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያነሣብኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአንድ የክረምት ምሽት በመካነ ሰላም ከተማ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋራ ተቀምጠን ስንጨዋወት መብራት ጠፋ። የቦረና ደጋ ጉም እስከ መስኮቱ ወርዶ ስለ ነበር ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ባልደረባችን ከስልኩ አንድ ዜማ ከፈተ። ዜማው ዘፋኝ የለበትም፤ ነፋስ ያፏጫል፥ የቆየ በር ሲጢጥ ይላል፥ ከሩቅ ኦርጋን በወፍራም ድምፅ ያጉረመርማል፥ በመካከሉም የሕፃን ሳቅ ይሰማል። ወጣቱ ከልቡ ሳቀ። ሌላው ባልደረባችን ግን ጥቂት ታግሦ፥ «እባክህ ዝጋው» አለ፤ ሲናገርም ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊቱ አንድ፥ ክፍሉም አንድ ሆኖ ሳለ፥ ያው ዜማ ለአንዱ ጨዋታ ለሌላው ጭንቀት የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ወጣቱስ ዜማውን በመክፈቱ አጥፍቷልን?

ይህ ዓይነት ዜማ የተወለደበት አገር ሩቅ ነው። በምዕራቡ ዓለም፥ ይልቁንም በአሜሪካ፥ ኦክቶበር 31 ቀን፥ ይኸውም በአብዛኛው ዓመት በእኛ ጥቅምት 21 ቀን፥ ማታ «ሃሎዊን» የሚባል በዓል ይከበራል። ዕለቱ የምዕራብ ክርስቲያኖች የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ዋዜማ ሲሆን፥ ብዙዎች የልማዱን መነሻ ከዚያ በቀደመው በኬልት ሕዝቦች የመከር መጨረሻ በዓል ይፈልጉታል። ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጣፋጭ ይቀበላሉ። አዋቂዎችም መንፈስ ያደረበት መስሎ የተሰናዳ ቤት ሠርተው ሰውን በትኬት ያስገባሉ። እንዲህ ያለው ቤት ያለ ድምፅ ባዶ ነውና፥ እ.ኤ.አ. በ1964 የዲዝኒ ኩባንያ የእንደዚህ ያለውን ቤት ድምፆች በሸክላ አሳትሞ አወጣ። ከዚያም አራት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1960፥ በርናርድ ኸርማን የተባለው ደራሲ ለሂችኮክ «ሳይኮ» ለተባለው ፊልም በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ዜማ ደርሶ፥ ተመልካቹን ከቢላዋው ሥዕል ይልቅ የቫዮሊኑ ጩኸት እንዲያስደነግጠው አድርጓል።

ድምፅ ከሥዕል ይልቅ የሚያስፈራበት ምክንያት አለው። ዓይን ሲጨንቀው ይከደናል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ዓይን ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል፤ ጆሮ ግን ከኋላም ከጨለማም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ብሉምስታይን የተባሉ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የብዙ ፊልሞችን ድምፅ መርምረው፥ አስፈሪዎቹ ፊልሞች የሻከረና የተሰነጠቀ ጩኸት አብዝተው እንደሚጠቀሙ ገልጸዋል። ይህም በአውሬ የተያዘ ግልገል ጉሮሮው ከሚችለው በላይ ሲጮኽ የሚያሰማውን የሚመስል ነው። እንግዲህ የማስፈሪያ ዜማ ደራሲ ከምንም ተነሥቶ አይፈጥርም፤ በጭንቀት ላይ ካለ ፍጥረት ድምፁን ይበደራል። የተበደረ ሰው ደግሞ ዕዳ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባዋል።

ፈላስፎች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ መርምረውታል። አሪስጣጣሊስ ተመልካች በአሳዛኝ ቲያትር ፊት ፍርሃትና ርኅራኄ አድሮበት በዚያው ልቡናው ይነጻል ብሏል። ፍርሃትን ብቻውን አላነሣም፤ ከርኅራኄ ጋራ አጣምሮታል። አየርላንዳዊው ኤድመንድ በርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ፥ አስፈሪ ነገር ደስታ የሚሰጠው አደጋው ከእኛ በጥቂቱ ሲርቅ ነው፥ እጅግ ሲቀርበን ግን ሥቃይ ብቻ ይሆናል ሲል አስተምሯል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን ርቀቱን የሚለካው ማን ነው? የሚያስፈራው ነውን ወይስ የሚፈራው? እኔ ይህን ጥያቄ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ነው።

ከመካነ ሰላም ሳይርቅ ደንቆሮ ጫካ የሚባል ደን አለ። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሲሆን፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ስሙ ደንቆሮ ይባል እንጂ፥ በዚያ አገር ላደገ ልጅ ሌሊቱ በድምፅ የተሞላ ነው። የጅብ ጩኸት ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ ሽቅብ ሲወጣ ያልሰማ ልጅ የለም። አያቴ በምድጃው ዳር ተቀምጠው የጅብና የጣረ ሞት ተረት ሲነግሩን ያንኑ ጩኸት በድምፃቸው ያስመስሉት ነበር። እኛ ልጆቹ ከአንድ ጋቢ ሥር ተጠቅልለን እንንቀጠቀጣለን፤ ነገር ግን ተረቱ እንዲያልቅ አንወድም። ጅቡን የሚጮኸው የአያታችን አፍ ነው፤ የሚያቅፈንም የአያታችን ክንድ ነው።

አንድ ምሽት ግን ታናሽ እኅቴ ጥጃ ለማሰር ኩራዝ ይዛ ወደ በረት ስትሄድ፥ እኔ ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ፥ አፌን በባዶ እንስራ አፍ ላይ አድርጌ እንደ ጅብ ጮኽሁ። እንስራው ድምፄን አወፍሮ አስተጋባው። እኅቴ ኩራዙን ጥላ ሮጠች፥ ወደቀችም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ፥ ፀሐይ ከጠለቀች፥ የቀሚሷን ጫፍ የሚይዝላት ሰው ካላገኘች ከደጅ አትወጣም ነበር። በዚያች ሌሊት እኔ ስቄአለሁ፤ ያ ሳቄ ዛሬም ያሳፍረኛል። ጅቡ ያው የአያቴ ጅብ ነበር። ልዩነቱ አያቴ ከእኛ ጋራ በፍርሃቱ ውስጥ መቀመጣቸው፥ እኔ ግን ከውጭ መቆሜ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በአገራችን የጭንቀት ጩኸት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። በወሎ ገጠር ሌሊት ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ዱላውን አንሥቶ ይሮጣል እንጂ፥ የጮኸው ክርስቲያን ይሁን እስላም አይጠይቅም። መርዶም ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል፤ የመጀመሪያውን ዋይታ ብቻውን የሚያሰማ ሰው እንዳይኖር የታሰበ ይመስላል። ስለዚህ ኡኡታን ለቀልድ የሚያሰማ ሰው የሚነጥቀው የሰውን እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ ነገ በእውነት ለሚጮኸው ሰው የሚደርሰውን ረዳት ነው። «ተኵላ መጣ» እያለ በሐሰት ሲጮኽ የኖረውን እረኛ ተረት በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። በዚያ ተረት የተበሉት በጎች ምንም አላጠፉም።

ታዲያ የሚያስደነግጥ ድምፅ ሁሉ ይከልከል ልንል ነውን? አይደለም። የእኛ ልጆችም የሚያስደነግጥ ድምፅ ያለበት ምሽት አላቸው። ቡሄ፥ ማለት ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል፥ ሲቃረብ ችቦ ይበራል፤ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፥ ሙልሙልም ይሰጣቸዋል። ጅራፍም ይጮኻል። ከልጥ ወይም ከቃጫ የተገመደው ጅራፍ ሲወነጨፍ ጫፉ ከድምፅ ይልቅ ስለሚፈጥን አየሩን እንደ ጥይት ያስጮኸዋል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ጩኸት በታቦር ተራራ ከተሰማው ድምፅ ጋራ በምሳሌ ያያይዙታል። ለልጆቹ ግን ጅራፍ ከሁሉ በፊት ደስታ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ገብቶ፥ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ደሴንና ኮምቦልቻንም እንዳዳረሰ የሚዘነጋ አይደለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በደጃችን ጅራፍ ሲያጮኽ፥ ጦርነቱን ሸሽታ ከመጣች እናቱ ጋራ በጎረቤታችን የሚኖር አንድ ትንሽ ልጅ አልጋ ሥር ገባ። እናቱ ብትለምነው አልወጣ አለ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ልጡን በገዛ ልጄ እጅ አየሁት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ወደ ልጄ ወጥታ፥ «ልጄ፥ እሱ ይህን ድምፅ ሲሰማ የሚመጣበት ሌላ ነገር ነው» ብላ ተመለሰች።

ልጄ ጅራፉን አስቀመጠ። በማግስቱ ግን ወደ ልጁ ይዞት ሄዶ፥ ገመዱ እንዴት እንደ ተገመደ አሳየው፥ እጀታውንም አስያዘው። ልጁ መጀመሪያ በመሬት ላይ ጎተተው፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ራሱ አጮኸው። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልልም፤ እናቱ እንደ ነገረችኝ ነጎድጓድ ሲሰማ ከዚያ በኋላም ይደነግጥ ነበር። ነገር ግን እኔ በልጅነቴ ያልገባኝ ነገር ለልጄ ገብቶታል። የሚያስደነግጠውን ነገር እጀታ ለሚደነግጠው ሰው ማስያዝ ከምክር ሁሉ ይበልጣል።

አዋቂ ሰው ይህን ትምህርት በሌላ መሣሪያ ሊማረው ይችላል፤ እርሱም በገና ነው። ዐሥሩ አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ አውታሩ በሚያርፍበት ስፍራም እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባበት ድምፁ ወፍራምና ነዛሪ ይሆናል። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ካስቀረጹት አንዱን በዐቢይ ጾም ሌሊት ያዳመጠ ሰው፥ ነገሩ ከማናቸውም የማስፈሪያ ዜማ ይልቅ ከባድ መሆኑን ያውቃል፤ የሚናገረው ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ነውና። ሆኖም በገና ሰምቶ የሚጮኽ ወይም የሚሮጥ የለም። ደርዳሪው ከበር ጀርባ ቆሞ ሌላውን አያስፈራም፤ የሚናገርለት ሞት የራሱም ሞት ስለ ሆነ ከአድማጩ ጋራ አብሮ ይፈራል። አሪስጣጣሊስ ከፍርሃት ጋራ ያጣመረው ርኅራኄ በዚህ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አሳብ ይህ ነው። ፍርሃት ለጨዋታ ሊውል ይችላል፤ ሦስት ነገር ግን ያስፈልገዋል። አንደኛ፥ የሚሰማው ሰው ጨዋታ መሆኑን ይወቅ። ሁለተኛ፥ በቃኝ ባለ ጊዜ ወዲያው ይቁም፤ ርቀቱን የሚለካው የሚፈራው ሰው ነውና። ሦስተኛ፥ የሚያስፈራው ሰው ከሚፈራው አጠገብ ይሁን። እነዚህ ከሌሉ ጨዋታው ቀርቶ ብርቱው በደካማው ላይ የሚሠለጥንበት መንገድ ይሆናል። ይህም የሚሠራው ለሃሎዊን ቤት ብቻ አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተማሪውን የሚያንቀጠቅጥ መምህር፥ ባለጉዳይን በዝምታና በግልምጫ የሚያስጨንቅ የመንግሥት ሠራተኛ፥ እንስራ ላይ አፉን አድርጎ እንደ ጮኸው ልጅ ናቸው። የተማሪው ጸጥታና የባለጉዳዩ ጎንበስ ማለት አክብሮት ይመስላቸዋል፤ ፍርሃት መሆኑን ግን ከውጭ ስለ ቆሙ አያውቁትም።

እንግዲህ ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ወጣቱ ባልደረባችን ዜማውን በመክፈቱ አላጠፋም፤ «ዝጋው» ሲባል ባይዘጋው ኖሮ ግን ያጠፋ ነበር። እርሱ ወዲያው ዘጋው፥ ሻማም ፈልጎ አበራ። ጓደኛችን ለምን እንደ ተንቀጠቀጠ አልጠየቅነውም፤ ሲመሽ ግን ሁለታችን ወደ ቤቱ ሸኘነው። በጉሙ ውስጥ ከሩቅ ጅብ ይጮኽ ነበር። ሦስታችንም ሰማነው፥ ሦስታችንም ፈራን፥ መንገዳችንንም አብረን ሄድን።