«ለኸይር ብዬ ነው» ማለት ይበቃልን?

የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ሱና በከተማችን ገና አልጠፋም። ጎረቤት ታመመ ሲባል ሥራችንን ትተን እንሄዳለን፤ አጠገቡ ተቀምጠን ዱዓ እናደርጋለን። ዳሩ ግን ከዱዓው ጋር አንድ ሌላ ነገር ለምደናል፤ እሱም መድኃኒት ማዘዝ ነው። በተለይ የታማሚው በሽታ ስኳር ከሆነ አዛዡ ብዙ ነው። አንዱ «ሐጂ፣ አብሽ ዘፍዝፈው በባዶ ሆድዎ ይጠጡ» ይላል። ሌላዋ የግራዋ ጭማቂን ታወድሳለች። ሽፈራው፣ ቀረፋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሁሉም በየተራ ይነሳል። «እገሌ በዚህ ድኖ መርፌውን ጥሏል» የሚል ምስክርም አይጠፋም።

እኔ ማንሳት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ታማሚው ይህን ሰምቶ መርፌውን ወይም ኪኒኑን ቢያቆምና ቢጎዳ፣ መካሪው «ለኸይር ብዬ ነው» ስላለ ብቻ በአላህ ዘንድ ነፃ ይሆናልን?

ይህን ስጽፍ «የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና ልታስተባብል ነውን?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አዑዙ ቢላህ! በማር ውስጥ ፈውስ መኖሩ በሱረቱ ነሕል ተነግሯል። የጥቁር አዝሙድ ሐዲስም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሶሒሕ ነው። ሁለቱንም አምናለሁ። ነገር ግን ማር ፈውስ አለበት ማለት ማንኛውም ታማሚ ለማንኛውም በሽታ በፈለገው መጠን ይውሰደው ማለት አይደለም። ከማር ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ የስኳር ታማሚ በማንኪያ እየዛቀ ቢበላው የደሙ ስኳር ይጨምራል። ስለ ጥቁር አዝሙዱ ሐዲስም እንደ ኢማም አል-ኸጣቢ ያሉ ዑለማዎች አነጋገሩ ጠቅላላ ቢሆንም የታሰበው የተወሰነ የበሽታ ዓይነት ነው ብለው አብራርተዋል። ደግሞስ ሐዲሱ «ሌላውን መድኃኒት ጣሉ» የሚለው የት ላይ ነው? የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ በታመሙ ጊዜ ወደ ሐኪሙ አል-ሓሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ ማዘዛቸው ተዘግቧል። ባለሙያን መፈለግ ተወኩልን አይነካም ማለት ነው።

ወደ በሽታው እንምጣ። ስኳር ሲባል አንድ ይመስለናል፤ ነገር ግን ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። በአንደኛው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ያቆማል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል። በሁለተኛው ግን ኢንሱሊኑ ቢኖርም ሰውነት በሚገባ አይጠቀምበትም፤ እያደርም ያንሳል። ኢንሱሊን በካናዳዋ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ተገኝቶ በ1922 መጀመሪያ ላይ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ እስኪሰጥ ድረስ፣ የአንደኛው ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። አብሽም ቀረፋም ማርም ያን ጊዜ ነበሩ። ሕፃናቱን ግን አላተረፏቸውም።

ታዲያ «እኔን አድኖኛል» የሚለው ሰው ሁሉ ይዋሻልን? አይደለም፤ የሚሳሳትበት ምክንያት አለው። የደም ስኳር በየሰዓቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቀን ጠዋት ለክቶ ዝቅ ብሎ ያገኘው ሰው ዋዜማውን የጠጣውን ያመሰግናል። ቅጠል መጠጣት የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ከሻዩ ስኳር ይቀንሳል፣ ለስላሳ ይተዋል፣ በእግሩ መሄድ ይጀምራል። ከሁሉም የሚያታልለው ግን የልጆቹ ነው። አንደኛው ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ኢንሱሊን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቆሽቱ ለጊዜው ትንሽ ያገግምና የሚያስፈልገው መርፌ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ወቅት እናቱ የሰው ምክር ሰምታ አብሽ ብታጠጣው ምስጋናው ሁሉ ለአብሹ ይሆናል። መርፌው ሲቆም ግን የልጁ ደም በአሲድ ይሞላል፤ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራሱን ይስታል። በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ዓይን፣ ኩላሊትና እግር የሚጎዱት ሰውየው «ደህና ነኝ» በሚልባቸው ዓመታት ነው።

ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴም አይደለም። ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን መነሻው ጋሌጋ የተባለ ተክል ነው። ነገር ግን ተክሉ ራሱ በብዛት ከብት የበላው እንደሆነ ይመርዛል። ኪኒኑ የተገኘው ባለሙያዎች ለዓመታት መርምረው፣ ልኩን ወስነው፣ ጉዳቱን ከጥቅሙ ለይተው ነው። አብሽና ቀረፋም ተጠንተዋል፤ በአንዳንዱ ጥናት ስኳሩን መጠነኛ ዝቅ አድርገው ታይተዋል፣ በሌላው ግን አልታዩም። መርፌንም ሆነ ኪኒንን ይተካሉ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። እንዲያውም ስኳርን በእርግጥ የሚያወርድ ቅጠል በኪኒን ላይ ሲደረብ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሰውየውን ሊጥለው ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን አቡ ዳውድና ሌሎችም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። አንዳንዱ ግን «እኔ መች አከምኩ? ምክር ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል። የካሳውን ፍርድ ለዑለማዎች እተዋለሁ። ነገር ግን አቡ ዳውድ የዘገቡትን ሌላ ታሪክ እናስታውስ። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ራሱ በድንጋይ ቆሰለ፤ ከዚያም ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ባልደረቦቹን ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃቸው። ውኃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰሙ ጊዜ ገደሉት አሉ፤ የማያውቅ ሰው ፈውሱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ። ልብ በሉ! እነዚያ ሰዎች እጃቸውን አላነሱበትም። ከአፋቸው የወጣው ቃል ብቻ ነበር። ሐሳባቸውም የዲን ግዴታን ለመጠበቅ ነበር እንጂ ክፋት አልነበረም። ይሁንና በጎ ሐሳባቸው ከወቀሳ አላዳናቸውም። በማያውቁት ነገር ላይ እንደሚያውቁ ሆነው መልሰዋልና!

የሰሙትን ሁሉ ማውራት ለሰው ከውሸት እንደሚበቃውም በሐዲስ ተነግሯል። «ድኖ መርፌውን ጥሏል» የሚለውን ወሬ በየቤቱና በየስልኩ የምናዞር ሁሉ ይህን ብናስብ ምን አለበት?

አንድ ነገር ግን መሸሸግ የለብንም። ብዙ ሰው ወደ ቅጠሉ የሚሄደው አላዋቂ ሆኖ ብቻ አይደለም። ለመድኃኒትና ለመመርመሪያ በየወሩ ገንዘብ ማውጣት ከብዶት ነው። ቅጠሉ ርካሽ ነው፤ ምክሩ ደግሞ ለመካሪው ከዚያም የረከሰ ነው። እንግዲያው ኸይር የምንሻ ከሆነ የምንጠይቀውን እንለውጥ። «ምን እየጠጣህ ነው?» ከማለት «መድኃኒትህ አልቋል ወይ?» እንበል። ከሰደቃችን ኢንሱሊን እንግዛ፤ ድሃ የሆነውን ታማሚ በዘካችን እናስበው፤ ሐኪም ቤት አብረነው እንሂድ። አብሽ መጠጣት የሚፈልገውንም «መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ፣ መርፌህንም እንዳትተው» እንበለው።

ይህ ኪስንና ጊዜን ይነካል፤ ምክር ግን አይነካም። በጎ ሐሳባችን እውነተኛ መሆኑ የሚለየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ አፊያ ይስጥልን፤ ከማናውቀው ነገርም ምላሳችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።