ፈቃድ በማን አንደበት?

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። በሐኪም ፊት ግን ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የገላው ባለቤት ዝም ትላለች፤ ሌሎች ያውቁላታል፣ ይናገሩላታል፣ ይፈቅዱላታል። ከእነዚህ ሌሎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር አንዲት ያገሬ ልጅ ከማኅፀኗ በር ናሙና ሊወሰድላት ቀረበች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ሙዋፍቃ?» አለኝ፤ ተስማምታለች ወይ ማለቱ ነው። እሷ ግድግዳውን ታያለች። ጥያቄውን ወደ አማርኛ ሳልመልስ «አዎን» አልኩ። ሁሉ ካለቀ በኋላ «ወንድሜ፣ ምን ነበር የጠየቀህ?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ጥያቄዋን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዛሬ ሴቶች ናሙናውን ራሳቸው የሚወስዱበት ዘዴ አለ። ጫፉ ጥጥ የለበሰ ቀጭን ዘንግ ይሰጣታል፤ ለብቻዋ ሆና ከብልቷ ውስጥ ፈሳሽ ወስዳ፣ በብልቃጥ ከትታ ትመልሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ራስን በራስ ለኤች.አይ.ቪ. መመርመርን፣ በ2021 ደግሞ ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ በራስ የሚወሰድ ናሙናን መክሯል። ተመራማሪዎችም በብልት ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ኤች.አይ.ቪ. ለመለካት በዚሁ መንገድ ተጠቅመዋል፤ ደም የሚነግረንና የብልት ፈሳሽ የሚነግረን ሁልጊዜ አንድ አይደለምና። ይህ ግን መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የምትወስድና ቫይረሱ በደሟ የማይታይ ሴት በግብረ ሥጋ ግንኙነት አታስተላልፍም የሚለውን የተረጋገጠ እውነት አይሽርም።

እንግዲህ ዘንጉን ለሴቲቱ ማስረከብ ክብሯን መመለስ ነውን? በከፊል አዎን። የባዕድ እጅና የባዕድ ዓይን ይቀርላታል፤ ከኀፍረት የተነሣ ከምርመራ የምትሸሽ ሴት ልትመጣ ትችላለች። ይሁን እንጂ «ቤትሽ ሄደሽ ውሰጂ» የምትባለው የሰው ቤት ሠራተኛ የራሷ የምትለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አላትን? ውጤቱ ሲመጣስ ማን አጠገቧ ይሆናል? ነጻነት ተብሎ የተሰጣት ነገር ብቻዋን መተው እንዳይሆን ያሰጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቃሉ ነገር ነው። በአማርኛችን «ምርመራ» እና «ምርምር» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ምርመራ ለእሷ ነው፤ ውጤቱም መድኃኒቷን ሊያስለውጥ፣ ሕመሟን ሊያስታግስ ይገባዋል። ምርምር ግን በቅድሚያ ለእውቀት ነው፤ ጥቅሙ ምናልባት ለማታውቃቸው ሴቶች፣ ከዓመታት በኋላ ይደርስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስጦታ መስጠት መልካም ነው፤ ስጦታ የሚሆነው ግን ሰጪዋ መስጠቷን ስታውቅ ብቻ ነው። ሁለቱን ቃላት ሳይለይ የሚያልፍ አስተርጓሚ፣ ናሙናውን በገዛ እጇ ብትወስደው እንኳ፣ ፈቃዷን ነጥቋታል።

ስለዚህ ክብር ያለው በዘንጉ ብቻ አይመስለኝም። ዘንጉ ከመሰጠቱ በፊት በሚጠየቀው ጥያቄ፣ መልሱም እስኪመጣ በሚታገሡት ዝምታ ውስጥ ጭምር ነው። «እምቢ» ለማለት ጊዜ ያላገኘች ሴት «እሺ» አለች አይባልም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ እኛን የካርቱም ነዋሪዎች በየአቅጣጫው በተነን። ያች ልጅ የት እንደደረሰች አላውቅም። ባገኛት ግን ያን ዕለት ያላቀረብኩላትን ጥያቄ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በአማርኛ አቀርብላት ነበር፤ መልሷንም እጠብቅ ነበር።