የመንገደኛ ጥማትና የአገሬው ውሃ

መንገደኛ በምድረ በዳ ሲጓዝ ሰንብቶ ውሃና ዛፍ ካለበት መንደር በደረሰ ጊዜ ልቡ በደስታ ይሞላል፤ ስፍራውንም ገነት ብሎ ይጠራዋል። ነገር ግን ያ ደስታ የአገሩን መልክ ያሳየዋልን? ወይስ የገዛ ጥማቱን ብቻ ያሳየዋል? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሲዋ የምትባለውን ከተማ ለሚያስብ ሰው ግን ቀላል አይደለም።

ሲዋ በግብፅ ምዕራብ፥ ከሊቢያ ወሰን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በአሸዋ መካከል የተቀመጠች ናት። በባሕር ዳር ካለችው ከመርሳ ማትሩህ እስከ እርስዋ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምድሪቱ ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ያለች ስለ ሆነች በብዙ ስፍራ ምንጭ ይፈልቅባታል፤ ቴምርና ወይራም ይበቅልባታል። ሕዝቡ ከዓረብኛ ሌላ ከበርበር ወገን የሆነ የራሱ ቋንቋ አለው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ታላቁ እስክንድር የአሞንን ጣዖት ሊጠይቅ ወደዚህች ስፍራ መጣ። ፕሉታርኮስ እንደሚተርከው፥ በመንገድ ሳሉ ብዙ ዝናብ ዘንቦ የጥማትን ፍርሃት አራቀላቸው። እስክንድርም ደርሶ የጠየቀው ስለ አባቱና ስለ መንግሥቱ ነበር። ያን ሁሉ አሸዋ አቋርጦ የመጣው ስለ ራሱ ሊሰማ ነውና፥ የሚወደውን ሰምቶ ተመለሰ። ንጉሥ ስለ ሆነ ስሙ ተጻፈ እንጂ፥ እንዲህ ያለ መንገደኛ በየዘመኑ አይታጣም።

በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ አርዮሳውያን በበረቱ ጊዜ፥ ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፥ ከላይኛው ግብፅ የነበሩትን ጳጳሳት በግዞት የሰደዱአቸው ወደዚሁ ወደ አሞን አገር ነው። ለንጉሡ የክብር መፈለጊያ የሆነው ስፍራ ለእነዚያ መቀጫ ሆነ። ምንጩ ያው ምንጭ፥ አሸዋውም ያው አሸዋ ነበረ።

የአገሩ ሰው ግን የሚያየው ከሁለቱም ሌላ ነው። አባቶቹ ወራሪን ፈርተው በኮረብታ ላይ ሻሊ የምትባል ምሽግ ሠርተው ነበር። የቤቱ ግንብ ከርሼፍ የሚሉት፥ ከጨዋማው ሐይቅ የሚወጣ የጨው ድንጋይና ጭቃ ነው። ይህ ግንብ በፀሐይ ሲደርቅ እንደ ዓለት ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን ይሟሟል። ዝናብ በዚያ አገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ግንቡ ብዙ መቶ ዓመት ቆየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበና ቤቶቹ ቀልጠው ፈረሱ፤ ሕዝቡም ኮረብታውን እየተወ ከግርጌው ሰፈረ። የእስክንድርን ጭፍራ ያዳነ ዝናብ ለሲዋ ሰው ቤት አፍራሽ ሆነ ማለት ነው። ከሁለቱ ማንኛቸው ዝናብን በእውነት ዐወቁት ይባላል?

የምንጩም ነገር እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ብዙ ጕድጓድ ተቈፈረ፤ ውሃውም ከሚፈለገው በላይ ፈሰሰ። ሸለቆው መውጫ የሌለው ስለ ሆነ ትርፉ ውሃ ወደ ጨዋማው ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቁም ይሞላል፤ ጨዉም ወደ ቴምሩና ወደ ወይራው ሥር ይደርሳል። እንግዳው የሐይቁን ስፋት አይቶ ሲያደንቅ፥ ባለ አትክልቱ የሚያየው ለልጁ የማያወርሰውን መሬት ነው። በምድረ በዳ መካከል ሰው የውሃን መብዛት ይፈራል ብሎ ማን ይገምታል? ለመገመትስ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መንገደኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው መንገዱንና ማደሪያውን ነው።

መንገደኛ ስለ ተጠማ አይነቀፍም። በሌላ ሰው ጕሮሮ የሚጠጣ የለምና፥ በመጀመሪያው ቀን በራሱ ጥማት ቢመዝን ተፈጥሮው ነው። ዕዳው የሚጀምረው ከጠጣ በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ጥማቱ ሲበርድለት፥ ያን ጊዜ ዓይኑ ለማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ለእስክንድርም ጠጥቶ ካረፈ በኋላ የቀረው ጥያቄ ያው የራሱ ነበር።

ዛሬም ወደ ሲዋ የሚሄድ እንግዳ ወደ ማታ በሻሊ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለከታል። በሰሜን በኩል ደመና ብቅ ቢል ነገ በረሃው ቀዝቀዝ ይላል ብሎ ደስ ይለዋል። ከኮረብታው ግርጌ በከርሼፍ ቤት የሚኖረው ሽማግሌ ግን ደመናውን ካየ በኋላ ጣራውን ያያል።