ከሞትና ከማቀርቀር የቱ ይከብዳል?

ሞትን የማይፈራ ወንበዴ ጀግና ይባላል? ሕግ አዋቂ ቶሎ ይመልሰዋል። ወንበዴውን የሚያደንቁት የሰፈር ልጆች ሲሆኑ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ማይክል ከርቲዝ በ1938 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ኤንጀልስ ዊዝ ደርቲ ፌስስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። በኒውዮርክ ድሆች መንደር ያደጉት ሮኪና ጄሪ በልጅነታቸው ብዕር ሊሰርቁ ባቡር ፉርጎ ውስጥ ይገባሉ። ፖሊስ ሲደርስ እግሩ የፈጠነው ጄሪ ያመልጣል፤ ሮኪ ይያዛል፣ ጓደኛውን ግን አያጋልጥም። ያመለጠው ቄስ ሆነ። የተያዘው ከእስር ቤት እስር ቤት ሲንከራተት ኖሮ ስሙ የሚፈራ ወንበዴ ወጣው።

ጄምስ ካግኒ የተጫወተው ሮኪ በመጨረሻ ነፍስ አጥፍቶ ሞት ይፈረድበታል። ቄሱ ሄዶ ይለምነዋል፦ እንደ ፈሪ እያለቀስክ ሙት፣ የሚያደንቁህ የሰፈር ልጆች እንዳንተ መሆንን ይተዉ። ሮኪ እምቢ ይላል። መግደያው ወንበር ጋ ሲደርስ ግን ጮኾ ይለምናል። እውነት ፈርቶ ይሁን ለልጆቹ ብሎ፣ ፊልሙ አይነግረንም።

ይህ ልመና እኛ ዘንድ ከሞት ይብሳል፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና። ደቡብ ወሎ ቦረና የተወለደው በላይ ዘለቀ ሸፍቶ የኖረ፣ ኋላም ጣሊያንን የተዋጋ አርበኛ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። እሱን «አልቅስ» የሚል ቢመጣ ማን ይታገሰው ነበር? ድፍረቱን የምናከብረው ለአገር ስለዋለ ነው። ድፍረት ብቻውን ወንበዴም ዘንድ አለ።

ቄሱ የሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሮኪን ድፍረት በውሸት ከማጠልሸት፣ ለምን እንደዋለ ማሳየት ይሻል ነበር። ውሸት የተጋለጠ ቀን ሮኪ እጥፍ ጀግና ይሆናል።

በወሎ፣ የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ቢስቲማ ላይ ታሪኩን ለአገር ሽማግሌ ብንነግረው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሟች ወገን ምን አለ?» ብሎ ነው ብዬ እገምታለሁ። ፊልሙ ለሟች ወገን ቦታ አልሰጠም። በወሎ አበጋሮች የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ወገን መካከል ይመላለሳሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ ዱአ ተደርጎ ደሙ ይደርቃል።

«የበዳዩ ማቀርቀርም ማስመሰል ሊሆን ይችላል፤ በቀል ፈርቶ ነው» የሚል አይጠፋም። ይሆናል። ነገር ግን ሮኪ ያለቀሰው ምንም ባልበደላቸው የወህኒ ጠባቂዎች ፊት ነው፤ ለቅሶው ለማንም ምንም አልከፈለም። ድንጋይ የተሸከመው ሰው የቆመው በበደለው ሰው ፊት ነው። ልቡ ባይጸጸት እንኳ ካሳውና ቃሉ ይይዙታል፤ ዓይን ለዓይን ከተያዩ በኋላ ገበያም ለቅሶም ላይ አብሮ መዋል አለና። ሞት ሮኪን ከዚህ ሁሉ ገላገለው። ስለዚህ ከሞት ይልቅ ማቀርቀር ይከብዳል እላለሁ።

ዛሬ የቢስቲማም ሆነ የኮምቦልቻ ልጅ የወንበዴ ፊልም የሚያየው ኪሱ በያዘው ስልክ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወንበዴ ሲያደንቅ ብትሰሙ «እሱ እኮ ፈሪ ነበር» አትበሉት፤ አያምናችሁም። የሟቹ እናት ማን እንደሆነች ጠይቁት።