ያደገ ሰው ወዳጅነት

ሕፃን ልጅ የጨዋታ ጓደኛ ሲሻ «ከወዴት መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዳው ከወሎ ምድር መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ወላጆች ልጅና የበርታ ልጅ በአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሲጫወቱ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ማንም ሳያስተምረው ይለምደዋል።

ዓመታት ሲያልፉ ግን አንዱ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሌላው ትዳር ይዞ እርሻውን ያርሳል። በገበያ ቀን ሲገናኙ ሰላምታው ይሞቃል፤ ወጉ ግን ቶሎ ያልቃል። ታዲያ ወዳጅነታቸው ሞተ ልንል ነውን?

ፈላስፋው አርስጣጣሊስ «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ከሁለት ወዳጆች አንዱ በአእምሮ ጎልምሶ ሌላው በልጅነት ጠባይ ቢቀር፣ እንደ ቀድሞው አብረው መኖር እንደማይቻላቸው ያምናል፤ ሆኖም ስለ ቀድሞው ፍቅር ሲባል እንደ ባዕድ ሊተያዩ አይገባም ይላል። እንግዲህ የወዳጅነት መልክ መለወጡ ክህደት አይደለም፤ ዕዳውን መርሳት ግን ክህደት ነው።

ይህ ዕዳ በክልላችን ከባድ ነው። ዕድሜ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን «ነባር» እና «መጤ» የሚሉትን ስሞችም ያስተምረናልና። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺ፣ ኋላም በመተከል የብዙ ንጹሓን ደም በፈሰሰ ጊዜ፣ ሰውን በስም መለየት ወዴት እንደሚያደርስ አይተናል። ልጆች ሳለን የማናውቀውን ጥርጣሬ በጎለመስን ጊዜ ከተማርነው፣ አረጀን እንጂ አደግን ሊባል አይችልም።

ከልጅነት ወዳጃችን ጋር እንደ ቀድሞው በየቀኑ መዋል ባንችልም፣ ሲታመም ልንጠይቀው፣ ሲያዝንም ለቅሶ ልንደርሰው እንችላለን። ከሁሉም በላይ፣ እርሱ በሌለበት ወገኖቹ በጅምላ ሲወቀሱ፣ «እኔ ከእነርሱ አንዱን አውቃለሁ፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም» ማለት እንችላለን። በልጅነት ጨዋታ የነበረው ወዳጅነት በጉልምስና ምስክርነት ይሆናል።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ወዳጆች ብሎ የጠራቸው በመጨረሻይቱ ማታ ነው፤ በዚያችው ሌሊት ትተውት ሸሹ። ከትንሣኤው በኋላ ግን ጴጥሮስን የጠየቀው ስለ ክህደቱ ሳይሆን ስለ ፍቅሩ ነበር፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ወዳጅነታቸው እንደ ቀድሞው አልቀረም፤ አደራ ተጨመረበት እንጂ።

እስኪ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዐሥር ዓመቴ አብሮኝ የተጫወተው ልጅ ዛሬ የት ነው? እርሱ በሌለበት ስለ እርሱ በጎ የተናገርሁትስ መቼ ነው?