ውፍረትን ለመቀነስ ደጋግሞ ስለ መጀመር

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ሰውነቱ ከልክ በላይ የወፈረ ሰው ክብደቱን ለመቀነስ ቈርጦ ይነሣል፤ ጥቂት ወራት ይጸናል፤ ይከሳል፤ ከዚያም ያጣውን ክብደት መልሶ ያገኘዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨምሮ ያገኘዋል። እንደ ገና ይጀምራል፤ እንደ ገናም ይወድቃል። እንዲህ አምስት ጊዜ ዐሥር ጊዜ ከሆነበት በኋላ ሌላ መጀመሪያ ሊጀምር ሲያስብ፣ ራሱን የሚያታልል ውሸታም መሆኑን ወይም ገና ተስፋ ያልቈረጠ ሰው መሆኑን መለየት ይሳነዋል። ይህ ጥያቄ የኅሊና ጥያቄ ነው። ስለዚህም ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ወይም ከሄደ በኋላ ወደ ንስሐ አባቱ ይዞት ይመጣል። የንስሐ አባትም በችኰላ «ሆድህን ግዛ» ብሎ ቢያሰናብተው በቍስሉ ላይ ቍስል ይጨምርበታል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። መወፈር ኀጢአት አይደለም። ኀጢአት የሚባለው መብልን ያለ ልክ መውደድ ነው፤ ይህም በወፍራሙም በቀጭኑም ዘንድ ይገኛል። የቀደሙት መነኮሳት ሆዳምነትን ሲመረምሩ አብዝቶ መብላትን ብቻ አላነሡም፤ ጊዜው ሳይደርስ መቸኰልንም፣ የጣፈጠውንና የተመረጠውን ብቻ መሻትንም ከዚያው ቈጠሩት። እንግዲህ አንድ ቀጭን ሰው ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ቤተ ሰቡን ሲያስጨንቅ ቢውል፣ በሚዛን ላይ ቢያወጡት ምንም አይገኝበትም፤ በሆዳምነት ግን ከወፍራሙ ጎረቤቱ ይበልጣል።

ሁለተኛም የሥጋን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥጋ ረኀብን ያውቃል እንጂ የባለቤቱን ሐሳብ አያውቅም። ሰው ለጤናው ብሎ በፈቃዱ መብሉን ቢቀንስ ለሥጋው የራብ ዘመን የመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እንደ ብልኅ ባለጎተራ ወጪውን ያሳንሳል፤ የመብል ፍላጎቱን ያበረታል፤ እህል በተገኘ ጊዜም ፈጥኖ ወደ ስብ ለውጦ ያከማቻል። ይህም የታየ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ለምርመራ ገቡ። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ በጦርነቱ የተራቡትን ሕዝቦች እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ነበር። ለ24 ሳምንት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰ፤ ከክብደታቸውም ሩብ ያህሉን አጡ። እነዚህ ጤነኞችና ተመርጠው የገቡ ሰዎች ናቸው እንጂ ሆዳሞች አልነበሩም። ነገር ግን በዚያ ወራት ከመብል በቀር ሌላ ነገር ማሰብ ተሳናቸው፤ ከመካከላቸውም የወጥ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ተገኙ። እንደ ልብ መብላት በተፈቀደላቸውም ጊዜ ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ረኀባቸው አልጠፋም። በአውስትራሊያም የተደረገ ሌላ ምርመራ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል፤ ክብደታቸውን የቀነሱ ሰዎች ረኀብን የሚቀሰቅሱትና ጥጋብን የሚያስታውቁት ሆርሞኖቻቸው ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንዳልተመለሱ አሳይቷል። በቅርብ ዓመታት የወጡት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችም ሲቋረጡ አብዛኛው ክብደት ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ማተታችን ሰውን ከሥራው ነጻ ለማውጣት አይደለም። «እንግዲያስ የሥጋ ጠባይ ይህ ከሆነ ፈቃድ ምን ድርሻ አለው?» የሚል ይኖራል። ፈቃድ በሚዛኑ ላይ ሥልጣን የለውም፤ በማዕዱ ላይ ግን አለው። ሰው ዛሬ ማታ ሁለተኛ እንጀራ ማንሣቱን ወይም አለማንሣቱን ሊወስን ይችላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ግን ሊወስን አይችልም። ብዙ ጊዜ የወደቀው ሰው ያልተሰጠውን ሥልጣን ይዞ ይምላል፤ የተሰጠውን ግን ይንቀዋል። ውድቀቱም ከዚህ ይጀምራል።

የአገራችን ሰው ቅበላን ያውቃል። ነገ ጾም ሊገባ ዛሬ ሥጋው ይቈረጣል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ጎረቤት ይጠራራል። ቅበላ ለዐቢይ ጾም በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን ደስ የሚያሰኝ ልማድ ነው። ደጋግሞ የሚጀምረውን ሰው ግን ልብ ብለን ብንመለከተው በየሳምንቱ ቅበላ የሚያደርግ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰኞ ሊጀምር ነውና ቅዳሜና እሑድ ይሰናበታል። ረቡዕ ቀን በሠርግ ቤት ጥቂት አልፎ ቢበላ «ይህ ሳምንት ከተበላሸ ወዲያ» ይልና እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ሌላ ቅበላ ያውጃል። በዓመቱ መጨረሻ ቢቈጠር የጾሙ ቀን ጥቂት፣ የቅበላው ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ያወፈረው የሠርጉ ምግብ አይደለም፤ ከሠርጉ በኋላ የመጡት አራቱ ቀኖች ናቸው። እርሱ ግን ራሱን ሲወቅስ የሠርጉን እንጂ የአራቱን ቀን ነገር አያነሣም።

ስለዚህ «እንደ ገና ልጀምር» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። ቃሉ ያለፈው ሁሉ ከንቱ እንደ ሆነ፣ ሰውየውም ከምንም እንደሚነሣ አድርጎ ይናገራል። ይህ ግን እውነት አይደለም። አምስት ጊዜ የሞከረ ሰው ማታ ማታ ብቻውን ሲቀመጥ እንደሚበላ፣ ሲያዝን ጣፋጭ እንደሚያምረው፣ ቁርሱን ሲተው እራቱን እጥፍ እንደሚያደርግ ተምሯል። ተማሪ የዘነጋውን ንባብ ሲመለስበት ከፊደል አይጀምርም፤ ከተሰናከለበት ቃል ይጀምራል። እንዲሁም ከመጠን አልፎ የበላ ሰው መመለሻው የሚቀጥለው ማዕድ ነው፤ የሚቀጥለው ሰኞ አይደለም፤ መስከረም አንድ ቀንም አይደለም።

ስለ መሐላም ጥቂት እንበል። ወድቆ ያፈረ ሰው በኀፍረቱ ብዛት ከኃይሉ በላይ ይሳላል፤ «ዳግመኛ ጣፋጭ ነገር ባፌ ቢዞር» እያለ በታቦት ስም የሚምልም አለ። ይህን የሰማ ካህን በጽናቱ ተደንቆ ሊያመሰግነው አይገባም፤ ቀስ ብሎ ሊከለክለው ይገባል። ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል በመክብብ የተጻፈ ነውና። በወንጌልም የጴጥሮስን ነገር እናስተውል። አስቀድሞ ባልንጀሮቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እርሱ ግን እንደማይሰናከል፣ ሞት ቢመጣ እንኳ እንደማይክድ ተናገረ፤ በዚያችም ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ በባሕር ዳር ጌታ ከእነዚህ ይልቅ ይወደው እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ጴጥሮስ መውደዱን መሰከረ እንጂ «ከእነዚህ ይልቅ» የሚለውን አልደገመውም። ስለ ነገውም ምንም አልማለም፤ የልቡን ነገር ለሚያውቀው ለጌታ ተወው። በጎቹንም የተቀበለው በዚህ አጭር ቃል ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ከመጀመሪያው ይልቅ ቃሉ ያጠረ ነው። ዐሥር ጊዜ የወደቀው ሰውም ውሸታም የሚሆነው የዐሥረኛውን መሐላ ከዘጠነኛው አስረዝሞ ሲምል ነው። «ዛሬ እራቴን በልክ እበላለሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን ውሸት አልተናገረም፤ ቢወድቅም የወደቀው ከአንድ እራት ነው።

በዚህ ነገር የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ግርፋት ሸሽቶ ሳለ፣ ማይኪራህ ላይ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ወደ ዛፍ ሲወጣ ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ ሲደርስ አየ። ሰባክያን የትሉን ጽናት ያነሣሉ፤ መልካም ነው። አንድም ከትሉ ቀጥሎ የመጣውን ነገር ማንሣት ይገባል። ያሬድ ትሉን ካየ በኋላ ብቻውን ጫካ ገብቶ ሊማር አልሞከረም፤ ተነሥቶ ወደ ገረፈው መምህር ተመለሰ፤ ይቅርታም ለመነ። የወደቀ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። መውደቁን ያዩት ሰዎች ዘንድ ተመልሶ መቅረብ ያሳፍረዋልና፣ የሚጀምረውን ሁሉ በስውር ይጀምራል፤ በስውርም ይተወዋል። ሚስቱ ሳታውቅ የሚጀምር ባል በማግሥቱ በቅቤ የራሰ ፍርፍር ቢቀርብለት ማንን ይወቅሳል?

የቤተ ክርስቲያን ጾም ጠንክሮ የኖረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋና ከወተት የሚከለከሉት እያንዳንዳቸው የብረት ፈቃድ ስላላቸው አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ ስለሚጾም፣ ድስቱም ስለሚጾም ነው። ይሁን እንጂ ጾምን ክብደት መቀነሻ ማድረግ ሁለቱንም ማበላሸት ነው። በሑዳዴ አምስት ኪሎ ቀንሼ በፋሲካ ስምንት ጨመርሁ የሚል ሰው ጾሙንም ጤናውንም በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም አጥቷል። ደግሞም የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቈይቶ ዘይት የበዛበትን ወጥና እንጀራ ደራርቦ፣ በላዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ የሚጨምር ሰው ከጾሙ በረከትን ያገኝ እንደ ሆነ እንጂ ክብደት አይቀንስም። ከሁሉም የሚከብዱት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ኀምሳ ቀኖች ናቸው፤ በእነርሱ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን የደስታ ወራት ብላ ሠራቻቸው እንጂ ያመለጠውን ለማካካስ አልሠራቻቸውም። ውፍረቱ የሚያስጨንቀው ሰው ትልቁን ጥንቃቄ ማድረግ ያለበት ማንም በማይጠነቀቅበት በዚህ ወራት ነው።

ስንት መቀነስ ይበቃል? ብዙዎች የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ የነበራቸውን ክብደት ይመኛሉ፤ እዚያ ሳይደርሱ ሲቀሩም ያገኙትን ጥቂት ነገር ይጥላሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የቀረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር እንዲሄዱ ወይም ይህን የመሰለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ተመክረው ነበር። እነዚህም ይህ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሽታው የያዛቸው 58 በመቶ አነሰ። ዘጠና ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ከጥቂት ነው። ይህን ያህል የቀነሰ ሰው በመስተዋት ፊት ለውጡ እምብዛም አይታየው ይሆናል፤ ደሙ ግን ያውቀዋል።

ለንስሐ አባቶች ደግሞ ይህ ይታሰብ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደውን ሰው «እንግዲህ ጹም፤ ውፍረቱም ይጠፋልሃል» ብሎ ማሰናበት አደጋ አለበት፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሐኪም ሳይመክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቈይ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ቀኖና በሥጋ ድካም የተከለከለውን ካህን እንኳ ስለ ጾም አይፈርድበትም፤ ለምእመኑ እንዴት አያዝን? ደግሞም ከስቶ ሳለ ገና ወፍሬአለሁ እያለ መብል የሚሸሽ ወይም በልቶ በስውር የሚያስታውክ ወጣት ቢመጣ ይህ ሌላ ደዌ ነውና ትጋቱን አናመስግነው፤ ፈጥነን ወደ ሐኪም እንላከው።

በአገራችን የሚከሳ ሰው ምን እንደሚገጥመውም እናውቃለን። ዐሥር ኪሎ በድካም የቀነሰውን «ምነው ከሳህ፤ ታመምህ እንዴ?» ይሉታል፤ መልሶ ሲወፍር ደግሞ «አሁን አማረብህ» ይሉታል። ማዕድ ላይ ቢቀመጥ «በሞቴ» ተብሎ ይጐረሳል፤ እምቢ ቢል ቤቱን እንደ ናቀ ይቈጠርበታል። ይህ ፍቅር ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ግን በሞቴ ያለች ሴት አንድ ጉርሻ ሰጥታ ሁለተኛውን ብትተው ፍቅሯ አይጐድልም።

ከዚህ ፈተና ካህናት ራሳችን የራቅን አይደለንም። በዓል በሆነ ቀን በአምስት ቤት ጠበል ጠዲቅ ይቀርብልናል፤ ከዚያም ተዝካር፣ ከዚያም ማኅበር አለ፤ በየቤቱም «አባቴ፣ ካልበሉልኝ ዝክሬ አልሠመረልኝም» ይባላል። ምእመኑን በልክ ብላ ለማለት አፋችን የሚከብደውም ስለዚህ ይሆናል። በሄርማስ መጽሐፍ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ዋጋ አስልቶ ለመበለትና ለድኻ አደግ እንዲሰጥ ተነግሯል። እንግዲህ በሦስተኛው ቤት ትሪ ሲቀርብልን ባርከን፣ ጥቂት ቀምሰን፣ «ልጄ፣ የቀረውን በቅጠል ጠቅልይልኝ፤ ከደጅ የቆሎ ተማሪዎች ቆመዋል» ብንል ባለቤቲቱ አትቀየምም፤ ተማሪዎቹም ከጠዋት ጀምረው ቆመዋል።